ወንበሩን ያነሳ ሰው

«በገዛ እግሯ ነው የወደቀችው! እኔ ገፍቼ ጣልኳት?»

የአክስቷ ድምፅ ከሳሎን ተነስቶ የመታጠቢያ ቤቱን በር አልፎ መጣ። ተማሪዋ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ጣል አደረገች። አክስቷ በስልክ የምታወራው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር እንዲህ አትጮህም። «ወንበር አስቀምጬበት ነበር እኮ! የተሰበረው ደረጃ ላይ፣ ማንም እንዳይረግጠው ብዬ፣ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጬ አስቀምጬበት ነበር። ራሷ ናት ያነሳችው። ሌላ ማን ያነሳዋል? ለደንበኞቿ መቀመጫ አጥሯት ይሆናላ! አሁን ደግሞ እኔን ልትከስ...» ተማሪዋ መስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየች። አረፋው አገጯ ላይ ወርዶ ሸሚዟን ነክቶታል። መትፋቱን ረስታው ነበር።

ወንበሩን ያነሳችው እሷ ናት። ከትናንት ወዲያ ማታ ሦስት የክፍል ጓደኞቿ ለጥናት መጥተው አንድ መቀመጫ ጎደለ። ብድግ አለችና ወደ ደረጃው ወጥታ ወንበሩን ይዛ ተመለሰች። ሲሄዱ እመልሰዋለሁ አለች። ሲሄዱ ግን እንቅልፏ መጥቶ ነበር፤ የታጠበ ልብሷን ወንበሩ ላይ ቆልላ ተኛች። ትናንት ጠዋት ላይኛው ፎቅ የተከራየችው ልብስ ሰፊ የተማሪ ዩኒፎርም በጥቅል ታቅፋ ስትወርድ ከደረጃው ወደቀች። ቀኝ እጇ ተሰበረ፣ ግንባሯም ተፈነከተ። ይህ ሁሉ ሆኖ ተማሪዋን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነው። ጩኸቱን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ወደ ደረጃው መሮጥ አልነበረም። መጀመሪያ ልብሱን ከወንበሩ ላይ ዘረገፈችና ወንበሩን አልጋዋ ስር ገፋችው። የሮጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጠበቃችን! ነይ እስቲ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለች አክስቷ ስልኩን ዘግታ። የሕግ ትምህርት ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ የምትጠራት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በቀልድ፣ ኋላ ግን በኩራት፣ በተለይ ሰው ሲኖር። ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ሶፋው በላስቲክ እንደተሸፈነ፣ የሟች ባሏ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ እንደተሰቀለ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻይ። ሰውየው ግንበኛ ነበሩ። ቤቱን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ፎቅ በፎቅ፣ ገንዘብ ባገኙ ቁጥር ነው የሠሩት፤ ደረጃውን ደግሞ ሠራተኛ ሳይቀጥሩ በገዛ እጃቸው ሲሚንቶውን አቡክተው ነው ያፈሰሱት። ከላይ አራተኛዋ ደረጃ ጠርዟ መርገፍ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። አክስቷ ለጠየቃት ሁሉ «ጠጋኙ የጠራው ዋጋ አይቀመስም» ትላለች። ተማሪዋ ግን ጠጋኙ የመጣ ዕለት እቤት ነበረች። ሰውየው የጠራው ዋጋ ከሁለት ኪሎ ሥጋ አይበልጥም። «ይቺን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ነው» ብሎ መዶሻውን ሲያነሳ ነው አክስቷ «ተው! ተው!» ብላ ያባረረችው።

«አንድ ወረቀት ትጽፊልኛለሽ» አለች አክስቷ ዳቦውን ወደ እሷ እየገፋች። «በራሷ ጥፋት እንደወደቀች፣ ከእኔ ምንም እንደማትጠይቅ። በደንብ፣ በሕግ ቋንቋ። ከትምህርት ስትወጪ ሆስፒታል ሄደሽ አስፈርሚያት።»

«እቴቴ፣ ሰው ታሞ አልጋ ላይ እያለ...»

«አልጋ ላይ እያለች ነው እንጂ! ዛሬ ከሰዓት ትወጣለች አሉ። ወጥታ ከዘመዶቿ ጋር ከመከረችማ አለቀልን። የምድር ቤቱ ሰውዬ ኪራይ ካቆመ አራት ወሩ ነው። ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለኝ?» አክስቷ የምትከፍልላትን የትምህርት ቤት ክፍያ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ዛሬም አላነሳችም፤ ያልተነሳው ነገር ግን ከዳቦው ጎን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ያህል ሁለቱም አዩት። ተማሪዋ ደብተሯን አወጣች። «እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች የሰፈረው...» ብላ ስትጀምር ቃላቱ ያለ ምንም ችግር ተከታትለው መጡላት። የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል። ማማሩ አበሳጫት።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ አግኝታ ተቀመጠች፤ ሁለት ፌርማታ ሳትሄድ ተነስታ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ለቀቀች፤ ቆማ ደግሞ እግሯ አላርፍ አላት። ወረቀቱን ከቦርሳው ትልቁ ኪስ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ መልሳ ወደ ትልቁ አዛወረችው። ማንም አላየኝም ትላለች ለራሷ። ወንበሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ወንበሮች ጋር ተደርድሯል፤ ያኖረችውም ራሷ ናት። ነገሩ አልቋል፣ እዳው ገብስ ነው። ይህን ባለች ቁጥር ጩኸቱን እንደገና ትሰማዋለች። ሲተርቱ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋውም መርሳት ሲያቅተው ምን እንደሚባል አልነገሯትም። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳብ ሲጠይቃት የቤቷን ቁልፍ ዘረጋችለት። «እህቴ፣ ቤቱን አይደለም፤ ሒሳቡን ብቻ» ሲላት በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

የዕለቱ ትምህርት ከውል ውጭ ኃላፊነት ነበር። መምህሩ አጭር፣ የኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ «ለምሳሌ» ስለሚል ተማሪዎቹ መምህር ለምሳሌ ይሉታል፤ እሱም ያውቃል። «ውል ማለት ሁለት ሰዎች ፈልገው የሚገቡበት ነው» አለ። «ይሄኛው ግን ሳይፈልጉ የሚገናኙበት ነው። ለምሳሌ እኔና አንተ አንተዋወቅም። እኔ የጣልኩት የሙዝ ልጣጭ ላይ አንተ ወደቅህ። ከዛሬ ጀምሮ ዘመዳሞች ነን ማለት ነው፤ ያውም የማትላቀቀው ዘመድ። ታዲያ ዳኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ጥፋት አለ ወይ? ጉዳት አለ ወይ? ጉዳቱ የመጣው ከጥፋቱ ነው ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆኑ፣ ያጎደለ ይሙላ ይባላል።» ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። እሷ «ያጎደለ ይሙላ» የሚለውን ሦስት ጊዜ እንደጻፈችው ያየችው ብዕሯ ወረቀቱን ሲቀድ ነው። እጇን ስታወጣ ለምን እንዳወጣች እንኳ ገና አላወቀችም ነበር።

«ጉድጓድ ላይ ምልክት ተደርጎ ቢሆንና... አንድ ሰው ለክፋት ሳይሆን፣ ለሌላ ጉዳይ ፈልጎት ቢያነሳው?»

«እመልሰዋለሁ ብሎ?» አለ መምህሩ።

«እመልሰዋለሁ ብሎ።»

«ሁሉም ሰው እመልሰዋለሁ ብሎ ነው የሚያነሳው።» ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። «ሕጉ ልቡ ደግ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። በእሱ ቦታ አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ነው የሚለው። አስተዋይ ሰው ጉድጓድ እንዳለ እያወቀ ምልክቱን አያነሳም። ጥፋት ነው። ጨርሰናል።»

ከኋላ አንዱ «እና የጉድጓዱ ባለቤት ነፃ ወጣ?» አለ።

«ወዴት ይወጣል! እሱ መጀመሪያውኑ ጉድጓዱን መድፈን ነበረበት። ምልክት ማቆም መድፈን አይደለም። ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ ተበዳዩ ከሁለቱ የፈለገውን ይዞ ሙሉውን ያስከፍላል፤ እነሱ ኋላ እርስ በርስ ይተሳሰቡ።»

«ተበዳዩስ?» አለች ተማሪዋ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ጉድጓዱን ያውቀው ከነበረ?»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና ትንሽ አያት። «አዎ፣ የራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነስበታል። ግን አውቆ የገባው ምልክቱን ንቆ ነው ወይስ ምልክቱን አምኖ? ይሄን እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። የሚያውቀው የወደቀው ሰው ነው። ሄዳችሁ ጠይቁታ! ገና ሳይጠይቁ የሚፈርዱ ሰዎች ለዚህ ሙያ አይሆኑም።» ይህን ያለው ለክፍሉ በሙሉ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ሰብስባ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች ከመደዳው ወጣች።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ብርቱካን ገዛች። ዋጋው ካለፈው ሳምንት በእጥፍ ጨምሯል፤ ሻጯ «የእኔ እህት፣ እኔም እንዳንቺ ነው የደነገጥኩት» ብላ አንዲት ፍሬ መረቀችላት። ልብስ ሰፊዋ ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ኪራይ አንድም ቀን አሳልፋ የማታውቅ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ቀኝ እጇ ከክርኗ በላይ እስከ ጣቶቿ ድረስ በጀሶ ታስሯል። የግንባሯ ፋሻ አንድ ዓይኗን ግማሽ ሸፍኖታል።

«መጣሽ የኔ ልጅ! ከቤቱ ሰው የመጣ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችና በግራ እጇ አልጋው ላይ ቦታ አበጀችላት። «ስድስት ሳምንት አሉኝ። ከዚያም በኋላ እንደ ድሮው መቀስ ይይዛል አይይዝም እናያለን ነው የሚሉት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሰኞ ይከፈታል። ሠላሳ አንድ ኮሌታ ነው የቀረኝ፤ ሸሚዞቹ አልቀው ኮሌታው ብቻ!» ብርቱካኑን አየችው፤ በአንድ እጅ እንደማይላጥ ሁለቱም ያሰቡት እኩል ነው። ተማሪዋ ላጠችላት። ጭማቂው አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«እትዬ፣ እንዴት ነው የወደቁት?» አለች።

«እንዴት እንደወደቅኩማ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ጥቅል ስታቀፍ እግሬን አላየውም። ስለዚህ ስወርድ የወንበሩን እግር በጫማዬ እዳስሳለሁ፤ ወንበሩን ሳገኝ የተሰበረችው እዚህ ናት ብዬ በጎን አልፋለሁ። ትናንት ብዳስስ ወንበር የለም። ገና አልደረስኩም ብዬ ረገጥኩ።» የፋሻዋን ጫፍ ከዓይኗ ላይ ገፋ አደረገች። «ሰዎቹ ሲያወጡኝ አክስትሽን ሰምቼያቸዋለሁ፤ ራሷ ናት ያነሳችው ሲሉ። እኔ ወንበሩን ነክቼ አላውቅም ብዬ ነበር። ሌሊት ላይ ግን ጠረጠርኩ። ምናልባት አንስቼው ረስቼው ይሆን? እናቴ እኮ በእኔ ዕድሜ ነው መዘንጋት የጀመረችው፤ መጨረሻ ላይ ልጆቿንም አታውቅም ነበር። ይኸው ጀመረኝ ብዬ... እጄን ትቼ ጭንቅላቴን ሳለቅስለት አደርኩ።»

ተማሪዋ ከአልጋው ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ጎልቶ የወጣውን ወረቀት ልብስ ሰፊዋ አየችው። «አክስትሽ የላኩት ነው? አምጪው እፈርማለሁ። ልገላገል። ከዚያ ክፍል ካስወጡኝ በአንድ እጄ ማሽን ተሸክሜ የት እገባለሁ? መፈረሙን እንኳ አልችልም፤ የግራ አውራ ጣቴን አስነክሪኝ።» አውራ ጣቷን ዘረጋች፤ በመርፌ ብዛት ጫፉ የጠጠረ ጣት ነው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይጎዳኝ ይሆን?»

«ይጎዳዎታል» አለች ተማሪዋ። «አይፈርሙ። ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ቀሪውን ሳትቆም ተናገረችው፤ ጓደኞቿን፣ የታጠበውን ልብስ፣ አልጋዋ ስር የገፋችውን ወንበር፣ ሁሉንም። ከጎን ያለችው አስታማሚ ሾርባ ማማሰሏን አቆመች። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች መጥታ «እግር አንሱ» አለች፤ ሁለቱም እግራቸውን አነሱ፤ ወልውላ እስክታልፍ ድረስ እግራቸው አየር ላይ ቆየ።

«ትናንት ስትደግፊኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። «ደረቴን ይዘሽ ‹አይዞዎት› ስትዪኝ... ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና አንድ ሌሊት ሙሉ አበድኩ እያልኩ አሳደርሽኝ።» አልጮኸችም። ብትጮህባት ለተማሪዋ ይቀል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ወደ ተማሪዋ ሳትመለከት «ጫማዬ አልጋው ስር ነው፤ አምጪልኝ» አለች። ተማሪዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ጫማውን አጠለቀችላት። «አሁን ለአክስትሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ እያለሁ፣ እየሰማሁ።»

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ መወደድ ሊያጫውታቸው ሁለቴ ሞክሮ ሬዲዮውን ከፈተ። ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ትነክሳለች፤ ተማሪዋ እጇን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስባለች።

አክስቷ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጀሶውን ነው። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ተማሪዋ ቦርሳ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሳይጋብዟት ገብታ ላስቲክ የለበሰው ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ በአራት ዓመት ውስጥ እዚያ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ላስቲኩ ተንጣጣ። ተማሪዋ ቆማ ተናገረች። ስትጨርስ አክስቷ ጭኗን መታች።

«አንቺ! ለወንድሜ፣ ለጎረቤት፣ ለሁሉም እሷ ናት ብዬ እየማልኩ! ውሸታም አደረግሽኝ እኮ! ያበላሁት እጄን ይንከሰኝ?»

«እቴቴ፣ ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ደረጃውን ያላስጠገንሽው ግን አንቺ ነሽ። ሁለታችንም ነን።» ተማሪዋ ለአክስቷ እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም። የበሩን መቃን ያዘች። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄን ቅደጂው። በሕግም አይረባም፣ በሰውም አይረባም።»

አክስቷ ወረቀቱን አልነካችውም። ላይኛው ፎቅ ላይ ሌላ ተከራይ ውሃ ከፈተ፤ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ አንሾካሾከ።

«እኔ ክስ አልፈልግም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለክስ ጊዜም የለኝ። የሆስፒታሉን ይከፍላሉ። እጄ እስኪፈታ ኪራይ አልከፍልም፤ በእነዚህ ሳምንታት የማጣውን ሥራም አስበን እንነጋገራለን። ለሰዎቹም ሁሉ ወንበሩን ያነሳሁት እኔ እንዳልሆንኩ በአፍዎ ይነግሩልኛል። ደረጃዋም ነገ ትሠራ።»

«ገንዘቡን እሺ። ደረጃዋን ግን...» አክስቷ ወደ ፎቶው ቀና አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱ ነው እኮ ያፈሰሳት። ወገቡን እያመመው። ሊያፈርሷት ነው የሚፈልጉት።»

«አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ግን ሰውየው ቢኖሩ፣ በተሰበረች ማግስት ራሳቸው አፍርሰው ይሠሯት ነበር። ግንበኛ አይደሉም እንዴ?»

አክስቷ ሄዳ መስኮቱ ዘንድ ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስታነሳ ትከሻዋ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። «ይሁን» አለች በመጨረሻ ሳትዞር። «ለጠጋኙ እደውልለታለሁ።» ለተማሪዋ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያ ዝምታ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ክፍያ ምን እንደሚሆን ተማሪዋ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም።

ልብስ ሰፊዋን ደግፋ ወደ ላይ አወጣቻት። የተሰበረችው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ሳይነጋገሩ እግራቸውን ከፍ አደረጉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ በመስመር የተሰቀሉ ኮሌታ የሌላቸው ሠላሳ አንድ ሸሚዞች። ተማሪዋ አስቀምጣት ልትወጣ ስትል «እሺ፣ አንቺስ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ያዛት።

«እኔ... ገንዘብ የለኝም እትዬ።»

«ገንዘብ መች ጠየቅኩሽ? ሰኞ እነዚህን የሚለብሱ ልጆች አሉ። ተቀመጪ» አለች፣ በግራ እጇ ወደ ማሽኑ እያመለከተች።

ተማሪዋ መርፌ ይዛ የምታውቀው አዝራር ለመትከል ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ጫፍ ሆና ትነግራታለች፦ ጨርቁን እንዲህ እጠፊው፣ ፔዳሉን ቀስ፣ አትጎትቺው፣ ራሱ ይሄዳል። አንዱን ኮሌታ ለመስፋት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ የሆነ ነገር ጠብቃ፣ ዘረጋችላት። ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠጋችው፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው በአንድ ጣት ያጥራል።

«ይሄን አንድ ልጅ አንገቱ ላይ አድርጎት ነው የሚውለው» አለችና መለሰችላት። «ፍቺው። እንደገና።»

ተማሪዋ ኮሌታውን ተቀበለች። የስፌት መፍቻውን ከሳጥኑ አወጣች፤ ከጠዋት ጀምሮ አላርፍ ያለው እግሯ ፔዳሉ ላይ ጸጥ አለ። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ክር ፈልጋ በጠሰች፤ ቀጥላ ሁለተኛውን።